አያቴ የገመደው ገመድ

በዚያ ጠዋት በከድር ደጃፍ የነበርነው እነዚህ ነን። አቶ ወልዴ ከሁላችን ፊት፣ ከአጥሩ በር ትንሽ ራቅ ብለው፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው በሁለት እጃቸው ይዘው ቆመዋል። ሐጅ ሽኩር በስተቀኛቸው ምርኩዛቸውን ተደግፈዋል። ሁለቱ ሽማግሌዎች ናቸው፤ አቶ ወልዴን የላክናቸው እኛ ስንሆን ሐጅ ሽኩር በሟች ወገን የሚከበሩ ሰው ናቸው። ወንድሜ ተካ ከእነሱ ኋላ ሣሩ ላይ አንገቱን ደፍቶ ቆሟል። እኔ ከወንድሜ ኋላ፣ ነጠላዬን ለሐዘን እንደሚደረገው አዘቅዝቄ፣ የጀፎረው ጠርዝ ላይ ነበርኩ። ጀፎረ የምንለው ግራና ቀኝ በተሰለፉት ቤቶች መካከል የሚዘረጋውን ሰፊ የሣር መንገድ ነው። የመንደሩ ሠርግም ለቅሶም ዳኝነትም እዚያ ላይ ነው።

ከአጥሩ ወዲያ ነስሩ የእንጨቱን በር በአንድ እጁ ይዞ ቆሟል፤ አልከፈተውም፣ አልዘጋውምም። ወንድሙ ከድር፣ የሟቹ ልጅ አባት፣ የቤቱን መቃን ተደግፎ መሬት መሬት ያያል። እናታቸው እማማ ሩቂያ ገና ከቤት አልወጡም። ልጄ ምትኩ በቦታው አልነበረም። እሱ ወልቂጤ እኔ ቤት ነበር፤ ጎረቤቴ ትጠብቀዋለች።

ስለ ራሴ ብዙ የምለው የለኝም። ስሜ አስካለ ነው። ከአገና ወጣ ብሎ ባለው በዚያው መንደር ተወልጄ በልጅነቴ ለትምህርት ወደ ወልቂጤ ሄድኩ። ዐሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ ስልክ ቤት በኦፕሬተርነት ተቀጠርኩ፤ ጡረታ እስክወጣም እዚያው ነበርኩ። ሥራዬ የሰውን ድምፅ ከሰው ድምፅ ማገናኘትና ራሴ ዝም ማለት ነበር። ለጠባዬ ተስማምቶኝ ኖሬያለሁ። ባለቤቴ ከሞተ ቆይቷል።

ትምህርት ቤት ሳለሁ በታሪክ ጎበዝ እባል ነበር። ጎበዝ የተባልኩት ስለምሸመድድ ነው። ማን ከማን ቀጥሎ እንደ ነገሠ፣ በየትኛው ወንዝ ዳር ማን ማንን ድል እንዳደረገ፣ የሩቅ አገር ነገሥታት ምን ውል እንደ ተፈራረሙ በቃሌ እወጣው ነበር። ፈተናው ሲያልፍ እረሳዋለሁ። ታሪክ የሌላ ሰው ጉዳይ ይመስለኝ ነበር። እኔን የሚነካ ነገር እዚያ ውስጥ አለ ብዬ አስቤ አላውቅም።

ምትኩ ከወልቂጤ በአገና በኩል ቡታጅራ የሚመላለስ ሚኒባስ ይነዳ ነበር። ምትኩ ያልኩት ከእሱ በፊት የወለድኳት ልጅ ስለሞተችብኝ ነው። አደጋው የደረሰ ቀን ዝናብ አባርቶ አስፋልቱ ገና እርጥብ ነበር። ከቡታጅራ ሲመለስ በመንደራችን መገንጠያ ላይ አንድ ሕፃን ኳስ ተከትሎ መንገድ ውስጥ ገባ። አንዋር ይባላል፣ የከድር ልጅ ነው። ትምህርት ቤት የገባው በዚያው ዓመት ነበር። ምትኩ ወርዶ ሕፃኑን አቅፎ መኪናው ውስጥ አስገባና ወደ አታት ሆስፒታል በረረ። ልጁ መንገድ ላይ አረፈ። ምትኩም እጁን ለፖሊስ ሰጠ።

ጉዳዩ እስኪታይ ፍርድ ቤት በዋስ ለቀቀው። በአገራችን ግን የፍርድ ቤቱ ነገር ሌላ ነው፣ የደሙ ነገር ሌላ ነው። ሰው በአጋጣሚም ቢሞት፣ በሽማግሌ ታይቶ እርቅ እስኪወርድ ድረስ ሁለቱ ወገኖች ከአንድ ምንጭ አይቀዱም፣ አብረው አይቀምሱም፣ በአንድ መንገድ አይተላለፉም። የሟች አጎት ነስሩ ደግሞ በሰው በኩል ልኮብን ነበር። «ፍርድ ቤት የፈለገውን ይበል። እዚያ አስፋልት ላይ ካየሁት እኔም በራሴ አላዝም» ነው ያለው።

እውነቱን ለመናገር የፈራሁት ነስሩን አልነበረም። ምትኩ ከተፈታ ጀምሮ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ቀኝ እግሩን ሲያይ ይውላል። ምግብ አቀርባለሁ፣ ሲቀዘቅዝ አነሳለሁ። ሲናገር የሚናገረው አንድ ነገር ብቻ ነው።

«እማ፣ ፍሬን ይዤ ነበር?»

«አላውቅም ልጄ። እኔ አልነበርኩም።»

«ተሳፋሪዎቹ ይዘሃል ይላሉ።»

«እንግዲያ ይዘሃል።»

«እኔ አላስታውስም። እግሬ አያስታውስም።»

አንድ ቀን አንሶላ ልቀይር ፍራሹን ሳነሳ ያገኘሁትን ነገር እዚህ አልጽፍም። ወስጄ ጣልኩት። ለእሱም አልነገርኩትም። ከዚያን ቀን በኋላ ግን ብቻውን ትቼው ገበያ እንኳ መውጣት አልቻልኩም። የሟች ወገን «ልጅሽ በሰላም ይግባ፣ በሰላም ይውጣ» ካላለኝ ምትኩን እዚያው አልጋ ላይ እንደማጣው ገባኝ። ከእርቁ ሌላ የምፈልገው አልነበረም።

በዚህ ላይ ደግሞ አንድ ነገር አበላሸሁ። የለቅሶው ሰሞን፣ ጎረቤት ሐዘን ሲያገኘው እንደሚደረገው፣ ወንድሜ ጓሮ ከጉድጓድ የቆየ ቆጮ አስወጥቼ ከቅቤ ጋር በአንዲት ሴት እጅ ወደ ከድር ቤት ላክሁ። ከተማ ውስጥ ኖሬ ደንቡ ጠፍቶብኛል። የገዳይ ቤት እህል እርቅ ሳይወርድ ለቅሶ ቤት ከገባ እንደ ፌዝ ነው የሚቆጠረው። ነስሩ ጀፎረው ላይ ደፋው። ቅቤው ሣሩ ላይ ቀልጦ ቀረ፣ ውሻ እንኳ እንዳይነካው ልጆች ሲጠብቁት ዋሉ አሉ። ከዚያ በኋላ ሽማግሌ በሄደ ቁጥር መልሱ «ቆጮዋን ትብላ» ሆነ።

በመጨረሻ እኔው ራሴ ከሽማግሌዎቹ ጋር ሄድኩ። በመጀመሪያው ቀን ከጠዋት እስከ ከሰዓት በኋላ ቆመን በሩ አልተከፈተም። ሐጅ ሽኩር ብቻ ገብተው ቆዩ። ሲወጡ ፊታቸው ልክ አልነበረም።

«ከብትም አንፈልግ፣ ገንዘብም አንፈልግ ይላሉ» አሉ። «በቀድሞው ደንብ ይሁን ነው የሚሉት።»

«ምንድን ነው የቀድሞው ደንብ?» አልኩ።

«ልጁ ከአገር ይውጣ። አንቺም አብረሽው። የተካም ቤት ይነቀል።»

ያን ቀን ማምሻችንን ተካ ቤት ተቀመጥን። ሐጅ ሽኩር ለመግሪብ ሶላት ወደ ቤታቸው ሄደዋል። ተካ ይንጎራደዳል።

«የእኔ ቤት ለምን?» ይላል። «መኪናውን እኔ ነዳሁት? እኔ ፈቃድ እንኳ የለኝ። በቅሎ ስጋልብም እወድቃለሁ።»

«ቁጭ በል» አሉት አቶ ወልዴ። «ለምን እንደሆነ ታውቃለህ።»

«ምኑን ነው የማውቀው?»

«አስካለ አታውቅ ይሆናል፤ እሷ ስልክ ስታቀብል ነው ያረጀችው። አንተ ግን ሩቂያ የማን ልጅ እንደሆነች ታውቃለህ።»

 እኔ ከአንዳቸው ወደ ሌላው አየሁ።

«አያታችሁ ያባረሩት ሰውዬ ልጅ ናት» አሉኝ አቶ ወልዴ። «ቆሼ በሚባለው ቆላ ውስጥ ነው ያደገችው። መሬት ላራሹ ሲመጣ ተመለሰች፤ ልጆቿን የወለደችው እዚህ ነው። ነስሩ የቀድሞው ደንብ ሲል የትኛውን እንደሆነ አሁን ገባሽ?»

ገባኝ። ያንን ታሪክ በቤታችን የማያውቀው የለም። ልጆች ሆነን አባታችን ይነግረናል፣ አጎቶቻችን ይነግሩናል፤ እንግዳ ሲመጣም ይነገራል። የቤታችን ኩራት ነው። ተካ ያን ማታ ተናዶ እንደገና ነገረን፤ ይነገር ከተባለ በደንብ ይነገር ብሎ።

«አያታችን ትልቁን ቤት ሲሠራ ነው» አለ። «መንደሩ በሙሉ ለደቦ ወጥቷል። ምሰሶው ከዝግባ የተጠረበ ነው፣ ለብዙ ሰው የሚከብድ። አያታችን በሰው ገመድ አያምንም፤ ከራሱ እንሰት ቃጫ፣ በራሱ እጅ ነው የገመደው። ሰዎቹን በየገመዱ ጫፍ አቆመ። ምሰሶው ቀና ሲል ያ ሰውዬ ለቀቀ። ምሰሶው ዞሮ ወደቀና የአያታችንን ታናሽ ወንድም ደፍጥጦ ገደለው። ቅናት ነው የያዘው ይባላል፤ እንዲህ ያለ ቤት በመንደሩ አልነበረማ። ደሞ ዓይኑን በጨው የታጠበ። ሰው ገድሎ እንኳ ገመዱን ከእጁ አልጣለም። ጠምጥሞ እንደያዘ ቆሞ ያያል። ስንት ሽማግሌ መጣ። አያታችን ግን ቃሉ የማይታጠፍ ሰው ነው፣ አላየውም፣ አልሰማውም። ሰውዬው ሚስቱንና ጡት የምትጠባ ልጁን ይዞ ቆላ ወረደ። ቤቱ ተነቀለ። ይኸው ነው።»

ይህን ስሰማ ኖሬያለሁ። በዚያ ማታ ግን አንድ ነገር ያዘኝ። ቀኑን ሙሉ ስቆም ስለዋልኩ እግሬን እያሸሁ ነበር፤ እጄን አቆምኩ።

«ተካ፣ ገመዱ የት ነበር አልክ?»

«የት ነበር ማለት?»

«ምሰሶው ከወደቀ በኋላ።»

«እጁ ላይ ነዋ። ጠምጥሞ እንደያዘ። አልኩሽ እኮ፣ አልጣለም።»

«ገመዱን ከለቀቀው እጁ ላይ እንዴት ተጠመጠመ?»

 አቶ ወልዴ ጢማቸውን ይዘው ቀሩ። ተካ አፉን ከፈተና መልሶ ዘጋው።

«አለቀቀም» አልኩ። «ገመዱ ነው የተበጠሰው። አያታችን የገመደው።»

«የሞተ ሰው አጥንት አትቆፍሪ» አለኝ ተካ።

«እኔ አልቆፈርኩም። አንተ ነህ የነገርከኝ።»

«እኔስ?» አሉ አቶ ወልዴ ቀስ ብለው። «እኔም ይህን ስሰማ ነው ያረጀሁት።» ከዚያ ግን ወደ እኔ ዞረው ድምፃቸውን ጠንከር አደረጉ። «ነገ ይህን እናገራለሁ እንዳትይ። በዚያ ቦታ ሴት አትናገርም፤ ወንድምሽ ነው አፍሽ። ደግሞ አስቢው። አሁን ያለብን የአንድ ሰው ደም ነው። በሐሰት ፈርደን ሌላ ቤት አፍርሰን ኖረናል ካልሽ ነስሩ ምን ሊል ነው? ሁለት ላድርገው ነው የሚለው።»

ስልኬ ጮኸ። ጎረቤቴ ናት ከወልቂጤ። ምትኩ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኝቷል፣ ውኃ እንኳ እምቢ ብሏል አለችኝ። «ነገ ትመጫለሽ አይደል?» አለች። «እኔ ፈርቻለሁ፣ እትዬ።» እመጣለሁ አልኳት። ስልኩን ዘግቼ ለአቶ ወልዴ መልስ ሳልሰጥ ተነሳሁ።

ወደ ጠዋቱ ልመለስ። በጀመርኩበት አቋቋም ቆመናል። አቶ ወልዴ ጉሮሯቸውን ጠርገው ጀመሩ።

«አሰላሙ አለይኩም፣ ከድር።»

«ወአለይኩም ሰላም» አለ ከድር ሳያያቸው።

«ትናንት መጥተናል፣ ዛሬም መጥተናል። ልጁ የእናንተ ብቻ አይደለም፣ የእኛም ነው የሞተው። እግዚአብሔር ያውቃል፣ አላህም ያውቃል፤ ሆን ተብሎ አይደለም።»

«ይህን ትናንት ሰምተናል» አለ ነስሩ። «መልሳችንንም ነግረናችኋል። ዕቃ መጫኛ መኪና ካጣችሁ እኔ እፈልግላችኋለሁ።»

«ነስሩ፣ አንደበትህን» አሉት ሐጅ ሽኩር።

«ምን አልኩ ሐጂ? እኛ ቆላ ስንወርድ ማን መኪና ሰጠን? ይህቺ የከተማ እመቤት እንደሆነች ለመንገድ የሚሆን ቆጮ አላት።»

በዕድሜ እናቱ እሆናለሁ። ቢሆንም ሲሰድበኝ አልከፋኝም። ወንድሜ እንዲናገር ጠበቅሁ። ተካ አንገቱን እንደደፋ «ይቅር በሉን» አለና አቆመ።  ሐጅ ሽኩር ወደ ከድር አዩ።  ነስሩ በሩን ሊዘጋ መግፋት ጀመረ። በሩ ሲጢጥ ሲል ይሰማኛል። ያ በር ከተዘጋ ወልቂጤ የምገባው ባዶ እጄን ነው፤ ምትኩ ፊቱን ከግድግዳው ቢመልስ የምነግረው የለኝም።

«ገመዱ ነው የተበጠሰው» አልኩ።

ተካ ዞሮ «አስካለ» አለኝ። 

«የምን ገመድ?» አለ ነስሩ።

«አያትህ የያዙት ገመድ። እኛ ቤት ለቀቁት ተብሎ ነው የሚነገረው። ውሸት ነው። ምሰሶው ሲወድቅ ገመዱ እጃቸው ላይ ተጠምጥሞ ነበር። ይህንንም እኛው ነን የምንናገረው፤ ስናወራው ኖረን አንድም ቀን አላሰብነውም። ገመዱን የገመደው የእኔ አያት ነው። የተበጠሰው የእሱ ገመድ ነው። ወንድሙ የሞተው በእሱ ገመድ ነው። እሱ ግን የእናንተን ቤት ነቀለ።»

ተካ ጀፎረውን አቋርጦ ሄደ። ከኋላዬ እርምጃው ሲርቅ ሰማሁ። አቶ ወልዴ ዓይናቸውን ጨፍነው ቆሙ። ነስሩ ሳቀ።

«ሐጂ፣ ሰሙ? በራሷ አፍ። እንግዲያ ሁለት ነው። አንዱ የአያቴ፣ አንዱ የአንዋር።»

አቶ ወልዴ ማታ የፈሩት ይህንን ነበር። ሣሩ ላይ ቁጭ አልኩ። ልጄን በገዛ እጄ የጨረስኩት መሰለኝ።

«ማነው የሚናገረው?» የሚል ድምፅ ከቤት ውስጥ መጣ።

እማማ ሩቂያ ናቸው። ዓይናቸው ደክሟል፤ የቤቱን ግድግዳ እየዳሰሱ ወጡ። ከድር ከመቃኑ ተነስቶ ክንዳቸውን ያዘ። «አዶቴ፣ ግቢ፤ ብርድ ነው» አላቸው፤ እናቱን እንደዚያ ነው የሚጠራቸው። እጁን ገፋ አድርገው እስከ አጥሩ ድረስ መጡ። ነስሩ ቦታ ለቀቀላቸው። በእንጨቱ ክፍተት ወደ እኔ አቅጣጫ አዩ።

«አንቺ ነሽ ስለ ገመዱ የተናገርሽው?»

«እኔ ነኝ።»

«የአባቴን ስም ታውቂዋለሽ?»

በቤታችን ያ ሰውዬ ነው የሚባለው። ሌላ ስም ሰምቼ አላውቅም። «አላውቅም» አልኳቸው።

«ኸሊል ነው ስሙ።»

«ኸሊል» አልኩ።

ራሳቸውን ነቀነቁ። «ኸሊል ቆላ ከወረደ በኋላ እጁን ዘርግቶ ያየው ነበር። ሲበላም፣ ዱዓ ሲያደርግም፣ በሬ ጠምዶ ሲያርስም። ለቅቄዋለሁ እንዴ፣ ሩቂያ? ይለኛል። እኔ ምን አውቃለሁ? ያኔ የጡት ልጅ ነኝ። ሰው ሁሉ ለቀቀ ካለው እሱም እንደለቀቀ መሰለው። ሊሞት ሲል ጠየቀኝ። እጁን ይዤው ነበር።»

«ምን አሉት?»

«አላውቅም አልኩት።»

 ከድር መሬት ማየቱን ትቶ እናቱን ያያል።

«ልጅሽ ምን ይላል?» አሉኝ።

«ፍሬን ይዤ ነበር ወይ እያለ ይጠይቀኛል። ተሳፋሪዎቹ ይዞ ነበር ይላሉ። እሱ አያስታውስም። እግሩን እያየ ይውላል። አይበላም።»

«አንቺስ ምን ትይዋለሽ?»

«አላውቅም እለዋለሁ።»

እማማ ሩቂያ ወደ በሩ ተጠጉ። የእንጨቱን በር በሁለት እጃቸው ይዘውታል።  እኔ ተቀምጬ ያን እጅ አያለሁ።

የመለሱልኝን ከመጻፌ በፊት፣ ይህን ለምታነቡ አንድ ነገር ልበል፤ ከዚያ በኋላ የምጨምረው አይኖረኝምና። ከዚያ ቀን ወዲህ የታሪክ መጽሐፍ ሳነብ ዐይኔ የሚያርፍበት ቦታ ተለውጧል። ያሸነፈውን ሰው ሳይሆን ስሙ ያልተጻፈውን እፈልጋለሁ። «ተባረሩ»፣ «ተሰደዱ»፣ «ቤታቸው ተነቀለ» የሚል ዐረፍተ ነገር ሳገኝ ቶሎ አላልፈውም፤ ወዴት ሄዱ፣ እዚያስ ማን ልጅ ወለደ እላለሁ። ይህን ሁሉ በተማሪነቴ አስቤው ቢሆን ኖሮ ደግ ነበር፤ ግን አላሰብኩትም፤ በዚህ ዕድሜዬ ጭንቅ አስተማረኝ። በየቤታችሁ በኩራት የሚነገር ነገር አይጠፋም። እንግዳ ሲመጣ የምታወጡት፣ ልጆቻችሁ በቃላቸው የሚያውቁት ማለቴ ነው። እንደገና ንገሩትና ቀስ ብላችሁ ስሙት። ገመዱ በማን እጅ እንደነበረ ጠይቁ። የኩራታችን ታሪክ ራሱ ይናገራል፤ የጎደለው የሚሰማው ሰው ነው። እኔ ሰው ከሰው ሳገናኝ ኖሬ ይህን አልሰማሁም። ሌሎቻችሁ ከእኔ ቀድማችሁ ትሰሙ ይሆናል።

ደግሞ እውነቱን በመናገሬ ጎበዝ ነኝ እንድትሉኝ አይደለም። የተናገርኩት በሩ ሊዘጋ ስለነበር ነው። ሌላ የምይዘው አልነበረኝም። በሩ ክፍት ቢሆን ኖሮ እንደ ወንድሜ አንገቴን ደፍቼ ዝም እል ነበር ብዬ አስባለሁ።

እማማ ሩቂያ መጨረሻ ላይ ፊታቸውን ወደ ልጆቻቸው አዞሩ።

«ማንም ከአገሩ አይወጣም» አሉ።

«አዶቴ—» አለ ነስሩ።

«ዝም በል። አንተ ቆላውን ስሙን ብቻ ነው የምታውቀው፤ አልኖርክበትም። እኔ ኖሬበታለሁ። እኔ በሕይወት እያለሁ ከዚህ መንደር በደም ተባሮ ማንም ወደዚያ አይወርድም። ቤትም አይነቀልም። ያንን ሹፌር ልጅ መንገድ ላይ የነካ እኔን ነካ። ሐጂ፣ ሰምተዋል።»

«ሰምቻለሁ» አሉ ሐጅ ሽኩር።

«ከድር?»

ከድር በእሺታ ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ጀርባውን ሰጥቶ ወደ ቤት ገባ። ከውስጥ የእሱ የማይመስል የለቅሶ ድምፅ ተሰማ። ነስሩ አጥሩ ሥር ቁጭ አለ።

አቶ ወልዴ ሊባርኩ እጃቸውን አነሱ። እማማ ሩቂያ በእጃቸው አቆሟቸው።

«ገና ነው ወልዴ። ይቅር አላልኩም። አብሬ አልቀምስም። አንዋር የለበሰው ሹራብ ገና አልታጠበም። ያ ቀኑ ሲደርስ ይሆናል፣ ላይሆንም ይችላል።» ከዚያ ወደ እኔ መለሱት። «አንቺ።»

ተነሳሁ።

«ልጅሽ ማታ ሲጠይቅሽ አላውቅም አትበዪው። ይዘሃል በዪው። ከሰው ሰምተሻል አይደል?»

«ሰምቻለሁ።»

«በዪው እንግዲያ። እኔ አላልኩትም ለአባቴ።» እጃቸውን ከበሩ ላይ አነሱ። «አሁን ሂጂ። ፊትሽን ማየት አልችልም።»

ነጠላዬን ሰበሰብኩና ሄድኩ።